በሶፍ ዑመር ያየነውና የሰማነው

 

የመስጊዳችን ኮሚቴ ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ለማሳተም ሲነሳ «ስለ አካባቢያችን የእስልምና ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ብሎ አዘዘኝ። እኔም ስለ ሶፍ ዑመር እጽፋለሁ አልኩ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፊቱን ቋጠር አድርጎ «ኡስታዝ፣ የመስጊድ መጽሔት በዋሻ ተረት እንሞላለን እንዴ?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ እኔው ራሴ ተናግሬዋለሁ። ለማን እንደተናገርኩትና ምን እንዳሳጣኝ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

አምና በበጋው ወራት ከቁርኣን ቤታችን ትልልቅ ደረሶች ስምንቱን ይዤ፣ ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከሮቤ ወጣን። መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ሁላችንም ጃኬትና ጋቢ ለብሰን ነበር። እስከ ጎሮ ድረስ ያለው አገር ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ የስንዴና የገብስ ማሳ፣ በመኸር ጊዜ ኮምባይነር የሚርመሰመስበት ሜዳ። ከጎሮ በኋላ ግን ምድሩ ቁልቁል ይወርዳል። ስንዴው ይቀርና ግራር ይጀምራል፤ በሬው ይቀርና ግመል ይመጣል። ጃኬቱ ወለቀ፣ ጋቢው ተጣጠፈ፣ ከደረሶቹ አንዱ የውኃ ጀሪካኑን ከመቀመጫ ሥር ጎትቶ አወጣ። ከሮቤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዝን በኋላ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ወርደን የሶፍ ዑመር መንደር ደረስን። ከመንደሩ ሥር ገደል አለ። ከገደሉ ሥር ወይብ።

ወይብን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፤ የራሳችን ተራራ ውኃ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ከሚገኝበት ደጋ ተነስቶ፣ ዞሮ ዞሮ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በመጨረሻም ወደ ገናሌ ይገባል። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል። ይኸው ውኃ ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር በታች ምን እንደሚሠራ ከደረሶቼ መካከል አይቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ሶፍ ዑመር ላይ ሲደርስ ወንዙ በኖራ ድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆምና ወደ ዋሻው ይገባል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በተራራው ሆድ ውስጥ ሄዶ በሌላ በኩል ይወጣል። የሚገባበት አፍ አያው ማኮ ይባላል፤ የሚወጣበት ሆሉቃ።

የገባነው በአያው ማኮ ነው። የመንደሩ ልጅ ባትሪ ይዞ ቀደመን፤ እኛ ሱሪ ጠቅልለን ጫማ በእጃችን ይዘን ተከተልነው። ወንዙን እያቋረጡ መሄድ የግድ ነው፤ ሰባት ጊዜ ተሻግረናል፣ ውኃው አንዳንድ ቦታ ጭን ይደርሳል። ስለ ውስጡ ብዙ ማውራት ይቻላል፤ እኔ ግን አንድ ቦታ ብቻ እነግራችኋለሁ። የዓምዶች አዳራሽ የሚሉት ስፍራ አለ። ከወለል እስከ ጣራ የቆሙ፣ ሰው ጠርቦ ያቆማቸው የሚመስሉ ግዙፍ የድንጋይ ምሰሶዎች፣ በመካከላቸውም ጸጥ ያለ ውኃ። ከደረሶቹ ትንሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መስጊድ ይመስላል» አለ። ማንም አልመለሰለትም። የሌሊት ወፎቹ ከላያችን ይንጫጫሉ፣ ውኃው ይንጠባጠባል። እኔም በልቤ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው ለብቻው እዚህ ገብቶ ሰላቱን ቢሰግድ፣ ለብቻዬ ነኝ ብሎ የሚያስብ አይመስለኝም አልኩ።

የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህ ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይህ አገር በባሕር ተሸፍኖ ሳለ ከባሕር በታች የተነጠፈ ነው ይላሉ። ውኃም የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው ዋሻውን የፈለፈለው ወይብ ራሱ ነው። አሜሪካዊው ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 እ.ኤ.አ. በዚህ በኩል አልፎ ዋሻዎቹን ከተመለከተ በኋላ የራሱን ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ያን ስም ዛሬ የሚጠራው የለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የመጡ የዋሻ አጥኚዎች ውስጡን እየዞሩ ለክተው ጠቅላላ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር ያህል፣ መግቢያና መውጫ አፎቹም 42 መሆናቸውን አስታወቁ። በኢትዮጵያ ከታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።

ከዋሻው ወጥተን ዙሁርን ሰገድን። ከዚያ በኋላ ነው ወደመጣንበት ጉዳይ የገባነው።

ከመንደሩ ሽማግሌዎች ሁለቱ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። አስቀድመን ልከንባቸዋል። ለእያንዳንዳቸው ቡናና ስኳር ይዘን ሄደናል፤ ያለ እሱ መሄድ ነውር ነው። የመጀመሪያው ሽማግሌ እንዲህ አወሩን፦ ሶፍ ዑመር የሼኽ ሁሴን ደረሳና ባልደረባ ነበሩ። ጠላት ሲያሳድዳቸው ተከታዮቻቸውን ይዘው እዚህ ገደል አፍ ላይ ደረሱ። መሸሻ አልነበረም። ዱዓ አድርገው አለቱን በበትራቸው መቱት፤ አለቱ ተከፈተ፣ ወንዙም መንገዱን ለቆ ተከትሏቸው ገባ። ውስጥ ሆነው ቁርኣን አስቀሩ፣ ጀመዓ አሰገዱ። ሁለተኛው ሽማግሌ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቁና «የለም» አሉ። «ዋሻው ድሮም ነበረ። ሼኹ ከሰው ሸሽተው ለዒባዳ ነው የገቡት። አሳዳጅ የሚባል ነገር አልሰማሁም።» ስለ አያው ማኮም አልተስማሙም። አንደኛው የሶፍ ዑመር ልጅ ናት አሉ፤ ሌላው ሚስታቸው ናት። ክርክሩ ሊከር ሲል ከደረሶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ አየኝ። ዓይኑ «ይኸው፣ አልነገርንህም?» ይል ነበር።

እኔም ደረሱን በዓይኔ ገሠጽኩና ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህን ማን ነገረዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አባቴ» አሉኝ። «ለአባትዎስ?» «አባቱ።» «ለሳቸውስ?» «ቁርኣን ያስቀሯቸው ሼኽ።» እንዲህ እያልን አምስት ሰው ወደ ላይ ወጣን። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው «ከዚያ በላይ አላህ ያውቃል» አሉ። ሐዲስ የተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ኢስናድ ነው፣ ግን የተቆረጠ ኢስናድ። አምስት ሰው ቢበዛ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስደናል። ሼኽ ሁሴን ግን በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የነበሩ ሰው ናቸው ነው የሚባለው። በመካከል ስድስት መቶ ዓመት ባዶ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች ላፈርሳቸው ብፈልግ በዚህ ጥያቄ ብቻ አፈርሳቸው ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። ስለ ባሌ በጽሑፍ የምናገኘው ጥንታዊ ምስክር ከየት መጣ? የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ሙስሊም ሱልጣኔቶች ስም ተዘርዝሮ ነበር፤ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያ እያለ ሄዶ ባሌ የምትባል አንዲት ቃል መጣች። አንድ ቃል ብቻ። ከመምህሩ ጋር ስለዚህ የተነጋገርነው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። በኋላ እንደተረዳሁት ያ ዝርዝር የተወሰደው ከሶሪያዊው ጸሐፊ ከአል ዑመሪ ነው። አል ዑመሪ በካይሮና በደማስቆ የኖረ፣ በ1349 እ.ኤ.አ. ያረፈ ሰው ነው። ሰባቱን ሱልጣኔቶች ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ ብሎ ጠርቷቸዋል። ስለ ባሊ ሲጽፍ ርዝመቷ የ20 ቀን፣ ወርዷ የ6 ቀን መንገድ ነው፤ ፈረሰኛዋ 18,000 ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ምድሯ ለምለም፣ አየሯም መልካም ነው ብሏል። የስንዴ አገር መሆናችንን ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በካይሮ አውቀውልናል ማለት ነው።

ታዲያ አል ዑመሪ ባሌን አይቷት አያውቅም። የጻፈው ከዘይላዕ በኩል ወደ ካይሮ ሄደው ከነበሩት ከሼኽ ዐብደላህ አዝ ዘይለዒና ከመሰሎቻቸው ሰምቶ ነው። እርሱም «ማን ነገረህ?» ብሎ ጠይቋል፣ የሰማውን ጽፏል። ዛሬ ፕሮፌሰሮች በግርጌ ማስታወሻቸው የሚጠቅሱት ምስክር በዘመኑ የአንድ መንገደኛ ወሬ ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እዚያ ብዕር የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ነበር፤ እዚህ አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ለደረሶቼ ስነግራቸው በጣም የገረማቸው። አል ዑመሪ ከኢፋት በስተቀር የእነዚህ አገሮች ሕዝብ በመዝሀብ ሐነፊ ነው ይላል። እኛ ደግሞ አባቶቻችን ያወረሱን ሻፍዒይ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመንና በኛ ዘመን መካከል አንድ ነገር ተቆርጧል፣ አንድ ነገር ደግሞ እንደገና ተተክሏል። የተቆረጠውን እናውቃለን። ባሌ ለነገሥታቱ ስትገብር፣ ስታምጽ ኖረች። በ1532 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት በወዚር አዶሌ መሪነት ያዛት። በዚያው ምዕተ ዓመት የኦሮሞ ታላቅ እንቅስቃሴ ተጀመረ፤ አባ ባሕርይ የተባለው መነኩሴ በ1593 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ የገዳውን ትውልዶች በየተራ እየጠራ ያን ጊዜ መዝግቦታል። ጦርነት፣ ረሀብና ስደት ተከታተለ። ሱልጣኔቱ ጠፋ። ከዚያ በፊት በባሌ ይኖሩ ከነበሩት ሕዝቦች ብዙዎቹ፣ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ቋንቋቸው ኦሮምኛ አልነበረም። ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ ከመጣው ሕዝብ ጋር ተዋሐደ። ከፊታችን የቀደሙት አባቶች ደግሞ ሲመጡ በአብዛኛው ሙስሊሞች አልነበሩም።

ኸጢቡ ሲሞት፣ ሱልጣኑ ሲሸሽ፣ መድረሳው ሲፈርስ፣ የአንድ አገር ዲን በምን ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት ይሻገራል? ከሶፍ ዑመር ስመለስ በመኪና ውስጥ ስጠይቀው የነበረው ይህንን ነው። መልሱ፣ እኔ እንደማየው፣ ከጊኒር ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ በኩል ያለችው አናጂና ናት፤ ድሬ ሼኽ ሁሴን። የሼኹ ዘር ከመርካ በኩል እንደመጣ ይተረካል። ሱልጣኔቱ ቢጠፋም የሼኹ መቃብር አልጠፋም። አዲስ የመጣው ሕዝብ አላፈረሰውም፤ ጠበቀው፣ ስሙን ወደ ራሱ ቋንቋ ወሰደው፣ በራሱ ዜማ አወደሰው። በኦሮምኛ ስለ ሼኽ ሁሴን የሚዜሙትን ውዳሴዎች ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ አንድርዜየቭስኪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰብስቦ አጥንቷቸዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሐረሩ አሚር ዐብዱ ሸኩር በመቃብሩ ላይ ግንብ እንዳሠሩ ይታወቃል። የሼኹን ገድል የያዘው ረቢዕ አል ቁሉብ የተባለው የዐረብኛ ኪታብ በ1927 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታትሟል። ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሱማሌ አገር ድረስ ባላ በትር ይዞ በእግሩ የሚመጣው ዛኢር በዘመን መለዋወጥ አልተቋረጠም። አያቶቻችን ሸሃዳን የሰሙት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ሶፍ ዑመር የዚያ መንገድ አንድ ማረፊያ ነው።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። መቃብር አይለመንም። ወሊይ ከሞተ በኋላ ልጅ አይሰጥም፣ ዝናብ አያወርድም፤ ስለት ለአላህ ብቻ ነው። በዚያ ስፍራ ከሸሪዓ ጋር የማይሄድ ነገር ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በኹጥባዬም ተናግሬያለሁ፣ ወደፊትም እናገራለሁ። ስለ አለቱ በበትር መከፈትም ከጠየቃችሁኝ፣ አላህ ለሙሳ (ዐ.ሰ.) ባሕርን ከፍሏል፣ በችሎታው አንጠራጠርም፤ ሆኖም ስለዚህኛው አለት የሚያስገድድ ማስረጃ በእጄ የለም። ወይብ ፈለፈለው ያሉትን ሰዎች የሚያስዋሽ ነገርም አላገኘሁም። ወይብንም አለቱንም የፈጠረ አንድ ነው። ግን ቂሳውን ዐቂዳ አለማድረግ ሌላ፣ ቂሳውን የሚያውቀውን ሰው አፉን ማስያዝ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

እናቴን የወለዱት አያቴ የጎሮ በኩል ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ድሬ ሼኽ ሁሴን በእግራቸው ሁለት ጊዜ ደርሰዋል፤ ሶፍ ዑመር የሄዱትማ ቁጥሩን አላውቀውም። እኔ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኜ፣ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ጢሜ ገና ሳይሞላ፣ ከጓደኞቼ ጋር ቤታችን ተቀምጠን ሳለ መጡ። ቡና ተፈላ። ስለ ዋሻው ማውራት ጀመሩ። እኔም በጓደኞቼ ፊት «አባባ፣ ይህ ኹራፋት ነው፤ ማስረጃ አለዎት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቡናቸውን ጨረሱ፣ ስኒውን ወደ ታች አስቀመጡና «አንተ ተምረሃል» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ በኔ ፊት ግን ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ አላወሩም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከሞቱ በኋላ አክስቴ የነገረችኝን ነገር ዛሬም ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። አያቴ ማታ ማታ ከዒሻ በኋላ፣ ዚክራቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ መቁጠሪያውን እንደገና ከመጀመሪያው ፍሬ ይዘው የሼኾችን ስም ይጠሩ ነበር አለችኝ። እሳቸውን ካስቀሯቸው ሼኽ ይጀምራሉ፤ እሱን ያስቀራው እገሌ፣ እገሌን ያስቀራው እገሌ እያሉ በየፍሬው ወደ ላይ ይወጣሉ። «እስከ ስንት?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ፤ አንዳንዴ እንቅልፍ ሲወስደኝ ገና አልጨረሱም» አለችኝ። መቁጠሪያው እኔ ዘንድ አለ። ፍሬዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። ስሞቹን ግን የሚያውቅ የለም። «ማስረጃ አለዎት?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሰው ማስረጃውን በእጃቸው ይዘውት ነበር።

ይህን የጻፍኩት ኑዛዜ ለማድረግ አይደለም፤ በዚያ ቀን በግራሩ ሥር ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ለምን እንዳላቋረጥኳቸው እንድትረዱልኝ ነው። በሱረቱል ካህፍ ሰዎች ስለ ዋሻው ወጣቶች ቁጥር ሲከራከሩ አላህ ይነግረናል፤ ሦስት የሚል አለ፣ አምስት የሚል አለ፣ ሰባት የሚል አለ፣ ከውሻቸው ጋር። ቁጥራቸውን ጌታዬ ነው ይበልጥ የሚያውቀው በል ተብለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታዘዙ፤ በማይጠቅም ክርክርም እንዳይገቡ ተነገራቸው። ሰዎች በቁጥሩ ስለተለያዩ ግን ወጣቶቹ አልነበሩም አልተባለም። በየጁሙዓው የምንቀራው ሱራ ነው፤ ከዋሻው አፍ ላይ ተቀምጬ ነው ገና የገባኝ።

በመጨረሻ ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ ደረሶቹ ዞረው «እናንተ የሮቤ ልጆች፣ ከናንተ መካከል ጽሕፈቱ ጥሩ የሆነው ማን ነው?» አሉ። ልጆቹ አንዱን ጠቆሙት። ያ ቅድም ፈገግ ያለብኝ ልጅ ነበር። «ና ከጎኔ ተቀመጥ» አሉት። እስከ ዐስር ድረስ ሲያወሩለት ቆዩ። ስለ በትሩ አላወሩለትም፤ ያወሩለት በዚያ ሸለቆ ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩ ሰዎችን ስም፣ የየትኛው ጎሣ እንደሆኑ፣ የት እንደተቀበሩ፣ ማን ከማን እንደተማረ ነው። ልጁ አንዳንዱን በዐረብኛ፣ አንዳንዱን በቁቤ፣ አንዳንዱን በአማርኛ ጻፈው፤ እንደመጣለት። የመጀመሪያው ሽማግሌም ክርክሩን ትተው የተሳሳተውን ስም ያርሙ ጀመር።

በ2011 እ.ኤ.አ. መንግሥታችን ሶፍ ዑመርንም ድሬ ሼኽ ሁሴንንም ወደፊት በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገቡለት በሚጠብቅባቸው ቦታዎች ጊዜያዊ ዝርዝር ላይ አስገብቷቸዋል። መልካም ነው፤ በሮቤም መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለልን፣ ከዚያ የሚወጡ ልጆች ዋሻውንም ታሪኩንም ሊያጠኑ ይችላሉ። ድንጋዩ ይጠብቃል፤ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ጠብቋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አንዳቸው ሰማንያን አልፈዋል፣ ሁለተኛው ዓይናቸው ደክሟል።

ስንመለስ መሽቶብን መግሪብን ጎሮ ሰገድን። እርጥቡ ጫማ በደጋው ብርድ እግራችንን አቀዘቀዘው፤ ጋቢው እንደገና ተፈታ። ከጎሮ እንደተነሳን ጸሐፊው ልጅ ከኋላ ወንበር «ኡስታዝ፣ አያው ማኮን ልጃቸው ብዬ ልጻፍ ወይስ ሚስታቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሁለቱንም ጻፍ» አልኩት። «የትኛውን ማን እንዳለህም ጻፍ።»

ደብተሩ ዛሬ በመስጊዳችን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከኪታቦቹ በስተግራ ይገኛል። መቶ ገጽ ነው፤ አሥራ አንዱ ተጽፎበታል።